ለወራት ተቀምጦ ባትሪው የተሟጠጠ ስልክ ለምን ወዲያው አይነሳም? እንዴትስ ይነሳል?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። የእናቴ ስልክ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ12 ነው። እናቴ ታማ አዲስ አበባ እኅቴ ዘንድ ስለሰነበተች ስልኩ ሳይጠፋ መሳቢያ ውስጥ ቀርቶ 5 ወር አለፈው። አሁን ቻርጀር ላይ ስሰካው ምንም ምልክት አያሳይም፤ ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ አይነዝርም፣ ድምፅም የለውም። ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቄ ወደ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው ሶፍትዌሩ ስለጠፋ ፍላሽ መደረግ፣ ማለትም ሶፍትዌሩ እንደ አዲስ መጫን አለበት አለኝ። ስልኩ ላይ አምና ያረፈው አባቴ የላከላት የድምፅ መልእክቶችና የእኅቴ የሠርግ ፎቶዎች አሉ። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ፤ የአባትዎንም ነፍስ ይማር።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እለምንዎታለሁ፤ ስልኩን ፍላሽ አያስደርጉ። ደህና ይሠራ የነበረ ስልክ ባትሪው እስኪያልቅ በርቶ ተትቶ፣ ከዚያም ለወራት ተቀምጦ አልነሳ ሲል የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሶፍትዌሩ ሳይሆን ባትሪው ነው። ሶፍትዌር መሳቢያ ውስጥ በመቀመጥ አይጠፋም፤ ባትሪ ግን በመቀመጥ ይሟጠጣል። ፍላሽ ማድረግ ለተሟጠጠ ባትሪ የሚያደርግለት አንዳች ነገር የለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በስልኩ ላይ ያለውን የባለቤቱን መረጃ ይደመስሳል። በዛሬዎቹ ስልኮች ላይ ፎቶውም ድምፁም የሚቀመጠው በምስጢር ቁልፍ ተቆልፎ ስለሆነ፣ ስልኩ አንዴ ከተደመሰሰ ያ ቁልፍ አብሮ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ «ሪከቨሪ» የሚባለው ፕሮግራም ሁሉ ቢሞከር የሚመለስ ነገር አይኖርም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ከራሴ ጥፋት ስለተማርኩት ነው። ጥገና በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት እንደዚሁ ለብዙ ጊዜ የተቀመጠ ስልክ ይዘውልኝ መጡ፤ ለአሥር ደቂቃ ያህል ቻርጀር ላይ ሰክቼ ምንም ሳያሳይ ሲቀር ቸኩዬ ፍላሽ አደረግሁት። ያን ጊዜ ስልኩ የተነሳው ግን ሶፍትዌሩ ስለተቀየረ አልነበረም፤ ከኮምፒውተሩ ጋር ሁለት ሰዓት ያህል ተገናኝቶ ሲቆይ ባትሪው በዚያው ቀስ እያለ ስለሞላ ነበር። ሁለት ሰዓት ብታገሥ ኖሮ ስልኩ በራሱ ይነሳ ነበር፤ የሴትዮዋ የልጅ ልጆች ፎቶም አይጠፋም ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ በመጀመሪያ ትዕግሥትን፣ ቀጥሎ መለኪያን ሳላስቀድም የማንንም ስልክ ሶፍትዌር ነክቼ አላውቅም።

ስልኩ ሩብ ሰዓት ተሰክቶ ዝም ያለበትን ምክንያት ለመረዳት ባትሪው ላይ የደረሰውን ማወቅ ይጠቅማል። በኤ12 ውስጥ ያለው ባትሪ፣ እንደ ዛሬዎቹ ስልኮች ሁሉ የሊቲየም አዮን ባትሪ ሲሆን፣ የሚይዘው መጠን 5000 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው። እንዲህ ያለ ባትሪ ሲሞላ ከ4.2 እስከ 4.4 ቮልት ገደማ ይደርሳል፤ አብዛኛውን ጊዜውን በ3.7 እና በ3.9 ቮልት አካባቢ ያሳልፋል፤ ወደ 3.4 ቮልት ገደማ ሲወርድ ስልኩ 0 በመቶ ብሎ ራሱን ያጠፋል። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። 0 በመቶ ማለት ባትሪው ውስጥ ምንም አልቀረም ማለት አይደለም፤ የሊቲየም ባትሪ እስከ መጨረሻው ጠብታ ሲጨመቅ ስለሚጎዳ አምራቾቹ ሆን ብለው ጥቂት ያስቀሩለታል። የእናትዎ ስልክ በጠፋ በዚያው ሳምንት ተሰክቶ ቢሆን ኖሮ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይነሳ ነበር። ነገር ግን ስልክ ጠፍቶም ቢሆን ሰዓቱን የሚቆጥረው ክፍልና ሌሎች ጥቃቅን ክፍሎች ከዚያች ከተረፈችው ኃይል እየቀነሱ ይኖራሉ፤ ባትሪውም በራሱ ጊዜ ቀስ በቀስ ይፈሳል። ስለዚህ በአምስት ወር ውስጥ ቮልቱ ከ3 በታች ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ እኔም የምጠረጥረው ይህንኑ ነው።

በባትሪው ራስ ላይ፣ በቴፕ ተሸፍና፣ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነች ጠባብ ሰርኪት አለች። ሥራዋ ባትሪውን መጠበቅ ነው፤ ቮልቱ በአብዛኛው ወደ 2.5 አካባቢ ሲወርድ የበለጠ እንዳይሟጠጥ ብላ ባትሪውን ከስልኩ ትቆርጠዋለች። በዚህ ጊዜ ስልኩ ባትሪ የሌለው ያህል ይሆናል። ቻርጀር ሲሰካ ደግሞ ማዘርቦርዱ (የስልኩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለው ቻርጅ ተቆጣጣሪ አይሲ፣ ማለትም ትንሽ ቺፕ፣ ባትሪው ያለበትን ሁኔታ ይለካና፣ ከ3 ቮልት በታች መሆኑን ሲያይ እንደ ወትሮው በሙሉ ኃይል አይሞላውም። እጅግ የተራበ ሰው በአንድ ጊዜ ጠግቦ እንዲበላ እንደማይደረግ ሁሉ፣ የተራቆተ የሊቲየም ባትሪም በትልቅ ከረንት ቢመታ ውስጡ ይጎዳል፤ ይሞቃል፤ አደጋም ሊያመጣ ይችላል። ስለሆነም አይሲው ከጥቂት አሥር እስከ ጥቂት መቶ ሚሊአምፔር በምትደርስ ትንሽ ከረንት ጠብ እያደረገ ይጀምራል። ከረንቱ 100 ሚሊአምፔር ነው ብንል በአንድ ሙሉ ሰዓት ውስጥ ባትሪው የሚያገኘው 100 ሚሊአምፔር ሰዓት፣ ማለትም ከአቅሙ 2 በመቶውን ብቻ ነው። እርስዎ የጠበቁት ሩብ ሰዓት ደግሞ የዚህ ሩብ ነው። ይህ ሁሉ ሲከናወን ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቆያል፤ የባትሪዋን ምልክት ለማሳየት እንኳ የሚበቃ ኃይል የለምና።

«ቻርጀሩ ኃይል እየሰጠ ከሆነ ስልኩ ለምን በቀጥታ ከመብራቱ አይሠራም?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይቀርብልኛል። ስልክ በሚነሳበት ቅጽበት ፕሮሰሰሩ፣ ስክሪኑና የኔትወርኩ ክፍል በአንድ ላይ ስለሚጀምሩ የሚፈልጉት ኃይል ለአፍታ ከፍ ይላል፤ ያን የአፍታ ጭነት የሚሸከመው ባትሪው እንጂ ቀጭኑ ኬብል አይደለም። ባትሪው ደካማ ሳለ ስልኩ እንዲነሳ ሲገደድ ቮልቱ ድንገት ይወድቅና ተመልሶ ይጠፋል። የሳምሰንግ ጽሑፍ ብልጭ ብሎ መጥፋቱ፣ እንደገና ብልጭ ብሎ መጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ይህንንም የሶፍትዌር በሽታ ነው ብሎ ይደመድማል።

እንግዲህ የሚያደርጉት ይህ ነው። የስልኩን መከላከያ ሽፋን ያውልቁ። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አጋድመው በጣትዎ ጠርዙን ጫን ጫን ያድርጉት፤ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ጀርባው ሆዱ እንደተነፋ ከፍ ካለ ወይም ስክሪኑ ከጠርዙ ከተላቀቀ ባትሪው አብጧል ማለት ነውና ፈጽሞ አይሰኩት፤ አይጫኑት፤ አይውጉት፤ በቀጥታ ባትሪ ወደሚቀይር ባለሙያ ይውሰዱት። ካላበጠ ደግሞ በሲሚንቶ ወለል ወይም በሴራሚክ ላይ፣ ከመጋረጃና ከአልጋ ርቆ፣ ሰው ባለበት ቤት ውስጥ ያስቀምጡት። ደብረ ብርሃን ብርዳም ስለሆነ ስልኩ ከቀዝቃዛ ክፍል ወይም ከውጭ የመጣ ከሆነ የቤቱን ሙቀት እስኪላመድ ትንሽ ይቆይ፤ የሊቲየም ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ ሊደረግ አይገባውም። ባትሪን ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት ወይም በፀጉር ማድረቂያና በምድጃ አጠገብ ማሞቅ ያስነሳዋል የሚለውን ወሬ ቢሰሙ አይቀበሉት፤ ሁለቱም ይጎዱታል።

ቻርጀሩን በተመለከተ ፈጣን መሆኑ አሁን አይጠቅምም፤ ትክክለኛ መሆኑ ነው የሚያስፈልገው። አፉ አራት ማዕዘን የሆነው የድሮ ዓይነት ባለ 5 ቮልት፣ ከ1 እስከ 2 አምፔር የሚሰጥ ኦርጂናል ቻርጀር ካለዎት እሱን ይጠቀሙ። በሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ የሆነው ኬብል ኃይል የሚያስተላልፈው ቻርጀሩና ስልኩ ከተግባቡ በኋላ ነው፤ የድሮው አራት ማዕዘን አፍ ግን ሳይጠየቅ 5 ቮልቱን ስለሚሰጥ ጨርሶ ለሞተ ስልክ ይሻላል። ፓወር ባንክ ለዚህ ሥራ አልመክርም፤ ብዙዎቹ የሚወጣው ከረንት ትንሽ ሲሆን «የተሰካ ነገር የለም» ብለው ራሳቸውን ስለሚያጠፉ፣ እርስዎ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ያደረጉ ሲመስልዎት ስልኩ ያገኘው የጥቂት ደቂቃ ኃይል ብቻ ሊሆን ይችላል። የኮምፒውተር ዩኤስቢም ቢሆን የተለመደው ዓይነት ከ500 ሚሊአምፔር በላይ ስለማይሰጥ ከግድግዳ ሶኬት ጋር አይወዳደርም። ዲቫይደር ላይ ከፍሪጅና ከምጣድ ጋር አብረው አይሰኩት፤ መብራት ሄዶ ሲመለስም የኃይሉ መጠን እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው መልሰው ይሰኩት።

ከመሰካትዎ በፊት የቻርጅ ሶኬቱን በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። ኬብሉ እስከ መጨረሻው ገብቶ ቀጭ ካላለ ወይም ከገባ በኋላ የሚንገዳገድ ከሆነ ውስጡ በኪስ ብናኝ ተጠቅጥቋል። በአንድ ወቅት ከአንድ የዱቄት ነጋዴ ስልክ ሶኬት ውስጥ ያወጣሁት ብናኝ ሰም መስሎ ጠጥሮ ነበር፤ ባለቤቱ ሦስት ቻርጀር ለውጦ ነበር የመጣው። ለማጽዳት የእንጨት ስቴኪኒ ጫፉን አቅጥነው፣ በታይፕ ሲ መካከል ያለችውን ምላስ ሳይነኩ በዳር በዳሩ ቀስ ብለው ይጥረጉት። መርፌም ስፒልም አይጠቀሙ፤ ምላሷ ከተሰበረች ወይም ሁለት እግሮቿ ከተነካኩ ሌላ ጥገና ይከተላል። ኬብሉንና ቻርጀሩንም በሌላ ደህና ስልክ ላይ ሰክተው የሚሠሩ መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ብዙ ወጪ ያድናል።

ከዚያ ሰክተው ይተዉት። ቢያንስ ሁለት ሰዓት፣ ቢቻል አራት ሰዓት። በየአምስት ደቂቃው እየነቀሉ ማየትና ማብሪያ ቁልፉን መጫን እጅግ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ለመነሳት በሞከረ ቁጥር ያጠራቀማትን ያቺኑ ጥቂት ኃይል ይበላታል። የባትሪዋ ምስል ብቅ ብላ ከጠፋች ወይም ስልኩ ራሱ ለመነሳት ሞክሮ ከወደቀ አይደንግጡ፤ አይንኩትም። ሌሊት ተኝታችሁ ሳለ ግን ይህን አታድርጉት፤ የተራቆተ ባትሪ በመጀመሪያው ሙሌት ጊዜ ዓይን ሊለየው አይገባም። በየግማሽ ሰዓቱ ጀርባውን በእጅዎ ይዳስሱት። ለብ ማለቱ ደህና ነው፤ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ወይም ጣፋጭ መሳይ የኬሚካል ሽታ ካለው ይንቀሉትና ከቤት ውጭ፣ ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ ያኑሩት።

አምና ክረምት ላይ የገጠመኝን ላጫውትዎ። አንድ መምህር ስምንት ወር ገደማ የተቀመጠ ስልክ አመጡ። በቻርጀሩና በኬብሉ መካከል የማስገባት አውራ ጣት የምታክል የዩኤስቢ መለኪያ አለችኝ፤ ቮልቱንና አምፔሩን በትንሽ መስኮቷ ታሳያለች። ሰካሁት፤ 5.1 ቮልት፣ 0.06 አምፔር አለች። ስክሪኑ እንደ ድንጋይ ጥቁር ነው፤ ነገር ግን 0.00 አላለችም፤ 0.06 ነው ያለችው። ይህች ስድስት በመቶኛ አምፔር ለእኔ እንደ ሕመምተኛ ትንፋሽ ናት፤ አይሲው በሕይወት አለ፣ ባትሪውንም እያነጋገረው ነው ማለት ነው። መምህሩ ከጎኔ ተቀምጠው ቁጥሯን ሲያዩ ቆዩ። ሃምሳ ደቂቃ ያህል ከ0.06 ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ በድንገት 0.42፣ ወዲያው 1.3 ሆነች፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም የባትሪዋ ምልክት መብረቋን ይዛ ስክሪኑ ላይ ወጣች። ስልኩ ነፍስ ዘራ። እኔ ያደረግሁለት ነገር ቢኖር አለመንካቴ ነው። መለኪያዋ ውድ ስላልሆነች የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ካገኙ መግዛቱ አይቆጭዎትም።

ስልኩ ቻርጀር ላይ ተኝቶ ሳለ እርስዎ ዝም ብለው አይጠብቁ፤ የሚፈልጉት ነገር ከስልኩ ውጭም ሊኖር ይችላል። ኤ12 ሚሞሪ ካርድ ይቀበላል፤ የሲም መያዣውን በመርፌዋ ከፍተው ይመልከቱ። ካርድ ካለበት በሌላ ስልክ ላይ ያድርጉት፤ የሠርጉ ፎቶዎች እዚያ ተቀምጠው ሊያገኟቸው ይችላሉ። ሆኖም አዲሱ ስልክ ካርዱን «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ቢጠይቅዎ እሺ አይበሉት። በእናትዎ ጂሜይል በሌላ ስልክ ላይ ጎግል ፎቶስን መክፈትም አንድ መንገድ ነው፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው ፎቶዎቹ ወደዚያ ሲጫኑ ኖረዋል። የአባትዎ ድምፅ የተላከው በቴሌግራም ከነበረ እፎይ ይበሉ፤ የተለመዱት የቴሌግራም መልእክቶች በስልኩ ላይ ብቻ ሳይሆን በኩባንያው ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጡ፣ የእናትዎን ሲም ሌላ ስልክ ላይ አድርገው በቁጥሯ ሲገቡ ይመጣሉ። ብቻ ይህን አያዘግዩት፤ ቴሌግራም ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተን አካውንት በራሱ ያጠፋል። በዋትስአፕ ከነበረ ግን ጉዳዩ ይለያል፤ ዋትስአፕ መልእክቶቹን በዋናነት የሚያስቀምጠው በስልኩ ላይ ነው፤ ስለዚህ በጎግል አካውንቷ ባክአፕ መኖሩን ሳያረጋግጡ በሌላ ስልክ ላይ በቁጥሯ አይግቡ።

ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ከቆየ በኋላ ምልክት ካላሳየ፣ ከቻርጀሩ ሳይነቅሉት የጎን ማብሪያ ቁልፉንና የድምፅ መቀነሻ ቁልፉን አንድ ላይ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ተጭነው ይያዙ። ይህ ምንም መረጃ አያጠፋም፤ ሐንግ ያደረገን ስልክ አስገድዶ እንደገና ያስነሳል። በአይፎን ስምንትና ከዚያ ወዲህ በወጡት ላይ አሠራሩ የተለየ ነው፤ የድምፅ መጨመሪያውን ነካ፣ የድምፅ መቀነሻውን ነካ፣ ከዚያ የጎኑን ቁልፍ የአፕል ምልክት እስኪወጣ ድረስ ይዞ መቆየት ነው። ቁልፎቹን ሲሞክሩ በስሕተት በእንግሊዝኛ ዝርዝር የተጻፈበት ጥቁር ገጽ ቢመጣብዎ «ሪቡት ሲስተም ናው» የሚለውን ይምረጡ። «ዋይፕ ዳታ» ወይም «ፋክተሪ ሪሴት» የሚለውን ግን ማንም ቢመክርዎ አይንኩ።

ስልኩ በርቶ ስክሪኑ ብቻ ሞቶም ሊሆን ይችላል፤ ይህንም ማጣራት ያስፈልጋል። ሲሙን መልሰው አስገብተው ከሌላ ስልክ ይደውሉለት፤ ከጠራ ችግሩ ከባትሪው ወጥቶ ወደ ስክሪኑ ዞረ ማለት ነው። የኤ12 ስክሪን ኤልሲዲ ስለሆነ በጨለማ ክፍል ውስጥ በእጅ ባትሪ ብርሃን አጋድመው ሲያበሩበት ደብዘዝ ያለ ምስል ካዩ የስክሪኑ የጀርባ መብራት ብቻ ነው የጠፋው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ካልተነሳ ወደ ጥገና ይሂዱ፤ ነገር ግን «አስነሱልኝ» ብለው ብቻ ሰጥተው አይመለሱ። በመጀመሪያ የሚጠይቁት ስልኩ ተከፍቶ ባትሪው ከማዘርቦርዱ ተነቅሎ ቮልቱ በቴስተር እንዲለካ ነው። ቁጥሩ ብዙ ይናገራል። 3.7 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ባትሪው ደህና ነው፤ ችግሩ ሌላ ቦታ ይፈለግ። ከ3 እስከ 3.5 ከሆነ ባትሪው ባዶ ነው እንጂ አልሞተም፤ ያልሞላው የቻርጅ ሶኬቱ፣ የቻርጅ ንዑስ ቦርዱ ወይም አይሲው ስለታመመ ሊሆን ይችላል። ከ2 እስከ 3 ከሆነ እንደጠረጠርኩት በጥልቅ ተሟጧል። 0 ካሳየ የጥበቃ ሰርኪቷ ባትሪውን ቆርጣዋለች፤ ከእሷ በስተጀርባ ያለው ሴል ገና ኃይል ሊኖረው ይችላል፤ ላይኖረውም ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ጥገና ቤቶች ባትሪውን ቡስት ያደርጉታል፤ ማለትም ቮልቱና ከረንቱ በሚስተካከልበት ፓወር ሰፕላይ በሚባል መሣሪያ ከውጭ በቀጥታ ኃይል ሰጥተው ያነቁታል። ቮልቱ ከ4.2 እንዳያልፍ፣ ከረንቱም ትንሽ እንዲሆን ተገድቦ ለጥቂት ደቂቃ ሲሠራ ትክክለኛ ዘዴ ነው፤ እኔም እሠራበታለሁ። የቻርጀር ኬብል ተቆርጦ ሁለቱ ሽቦዎች ባትሪው ላይ ሲያያዙ ግን የሚገድበው ነገር ስለሌለ ይህ ባትሪ ማንቃት ሳይሆን እሳት መጥራት ነው። ቤትዎ ውስጥ በጭራሽ አይሞክሩት። ሴሉ ከ2 ቮልት በታች ወርዶ ለወራት የቆየ ከሆነ ደግሞ በጥሩ መሣሪያም ቢሆን ማንቃቱን አልደግፍም። በዚያ ሁኔታ በባትሪው ውስጥ ያለው የመዳብ ስስ ወረቀት መሟሟት ይጀምራል፤ ቻርጅ ሲደረግም የሟሟው መዳብ ባልተፈለገ ቦታ ተመልሶ ይጠጥርና ከውስጥ ሾርት ሊፈጥር ይችላል። እንዲህ ያለ ባትሪ ዛሬ ቢነሳ እንኳ የሚታመን አይደለም። ባትሪ የሚገዛ ዕቃ ነው፤ የአባትዎ ድምፅ ግን አይገዛም፤ ስለዚህ በዚህ ደረጃ ጥርጣሬ ካለ አዲስ ባትሪ ይግባ። ባትሪ መቀየር የስልኩን መረጃ አይነካም፤ ፎቶውም ድምፁም ያሉት ማዘርቦርዱ ላይ እንጂ ባትሪው ላይ አይደለም።

አዲስ ባትሪ ገብቶም ካልተነሳ ባለሙያው ስልኩን በፓወር ሰፕላይ እንዲያየው ይጠይቁ። ማብሪያው ሳይነካ ከረንት የሚስብ ከሆነ ቦርዱ ላይ ሾርት አለ። ማብሪያው ተነክቶ የፓወር ሰፕላዩ የከረንት መለኪያ ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ ከማብሪያ ቁልፉ እስከ ፓወር አይሲው ያለው መስመር ይመረመራል። ከረንቱ ከፍ ካለ በኋላ በአንድ ቁጥር ላይ ተተክሎ ከቀረ ብቻ ነው ሶፍትዌር መጠርጠር የሚጀመረው፤ ያን ጊዜም ቢሆን መረጃ ሳይነካ የሚሠራበት መንገድ መኖሩን ባለሙያው አስቀድሞ ሊነግርዎ ይገባል። ከዚህ ሁሉ አንዱም ሳይለካ ፍላሽ ይደረግ የሚል ባለሙያ ግምቱን እንጂ ምርመራውን አልነገርዎትም። መጥፎ ሰው ነው ለማለት አይደለም፤ እኔም በጊዜዬ እንደዚያው አድርጌአለሁ።

ስልኩ ሲነሳ ለመክፈት አይቸኩሉ፤ ቻርጀሩ ላይ እንዳለ ቢያንስ 30 በመቶ እስኪደርስ ይቆይ። እንደገና የተነሳ ስልክ የጣት አሻራ አይቀበልም፤ ፒኑን ወይም ፓተርኑን ይፈልጋል። ስለዚህ አስቀድመው እናትዎን ደውለው ይጠይቁ፤ በግምት ደጋግመው እየሞከሩ አያስቆልፉት። ቀኑና ሰዓቱ የተዛባ ቢሆን ከኔትወርክ ጋር ሲገናኝ ይስተካከላል። ከሁሉ አስቀድመው ወደ ሌላ ቦታ የሚቀዱት ድምፆቹን ነው። በዋትስአፕ የተላኩ ከሆኑ «ማይ ፋይልስ» በሚለው መተግበሪያ ውስጥ «አንድሮይድ»፣ ከዚያ «ሚዲያ» በሚለው ሥር ባለው የዋትስአፕ ፎልደር ውስጥ «ዋትስአፕ ቮይስ ኖትስ» የሚል ያገኛሉ፤ እሱን እንዳለ ወደ ሚሞሪ ካርድ፣ ደግሞም ወደ አንድ ኮምፒውተር ይቅዱ። አንድ ቦታ ብቻ አያስቀምጡ። የአፕዴት ማሳሰቢያ ቢመጣ ይህ እስኪያልቅ ይለፈው።

ከዚያ በኋላ ባትሪውን ለአንድ ሁለት ሳምንት ይታዘቡት። ከ30 በመቶ ድንገት የሚጠፋ፣ ቻርጅ ሲደረግ ከወትሮው የሚሞቅ ወይም ቀን የማያውል ከሆነ ከመሟጠጡ ጉዳት አልዳነምና ይቀየር። ወደፊት ስልኩን ለረጅም ጊዜ ማስቀመጥ ሲያስፈልግ ግማሽ ያህል ቻርጅ አድርገው፣ አጥፍተው፣ ሙቀት በማይበዛበት ደረቅ ቦታ ያኑሩት፤ በየሦስት ወሩም አውጥተው መልሰው ወደ 50 በመቶ ያድርሱት። ሙሉ አድርጎ ማስቀመጥም ባዶ አድርጎ ማስቀመጥም ባትሪውን ያስረጀዋል።

የተጠቀሙበትን ቻርጀር ዓይነት፣ ስልኩ ተሰክቶ የቆየበትን ሰዓትና፣ ጥገና ቤት ከተወሰደም በቴስተር የተለካውን ቮልት ጽፈው ቢልኩልኝ ቀጥሎ የት መፈለግ እንዳለበት በበለጠ እርግጠኝነት እነግርዎታለሁ። እስከዚያው ድረስ ስልኩን ይዞ ማንም ኮምፒውተር ላይ አይሰካው።